ሦስት እንደራሴ የሸኘ ኮርቻ

የጋሪው ቀኝ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ከድርቆሹ ሥር የተሸጎጠው ጆንያ ተንሸራቶ ወጣ። አሮጊቷ ይታይሽ ሕፃን ሊወድቅባት እንደሆነ ሴት ተወርውራ በሁለት እጇ ያዘችው።

«ቀስ በል እንጂ አንተ! ልትገለኝ ነው እንዴ?»

«እርስዎ እኮ ነዎት ፍጠን ያሉኝ» አለ ባለጋሪው አበረ ፊቱን ሳይመልስ፣ ልጓሙን እየሳበ። «ከደጅዎ ስንነሣ ፍጠን፣ ወንዙ ጋ ስንደርስ ቀስ በል፣ አቀበቱ ላይ ደግሞ ፍጠን። እኔስ ሰው ነኝ ችያለሁ፤ ፈረሱ ነው ግራ የገባው።»

ሰኔ ዐሥራ ዘጠኝ ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር፤ ቅዳሜ ጧት። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ከዝግባ ሜዳ ወደ ዳንግላ የሚወስደው መንገድ ቡኮ ሆኗል። ለከሰል የተተከለው የዲከረንስ ደን ከግራና ከቀኝ ጥቅጥቅ ብሎ፣ ጉሙ ከላዩ ተኝቷል። ይታይሽ ዛፉን አንድ በአንድ ታያለች። ከእያንዳንዱ ግንድ ጀርባ ሰው የቆመ ይመስላታል። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ግራ እጇን ከሥሩ ደብቃለች። ጣቷ ላይ የሰኞው ምርጫ ቀለም አለ። በሳሙናም በአመድም አሽታው አልለቀቀም።

ልትፈልጋት የወጣችው የልጅ ልጇን ትዕግስትን ነው። እናቷ በወለደቻት በዓመቷ ስለሞተች ይታይሽ ናት ያሳደገቻት፤ በጠርሙስ ወተት፣ በጀርባዋ አዝላ። ልጅቱ አድጋ የእንስሳት ሐኪም ሆነች፤ ዳንግላ ላይ ነው ሥራዋ። የአገሩ ፈረሰኛ ሁሉ ፈረሱ ሲያነክስ፣ አንገቱ ሲቆስል የሚሮጠው ወደ እሷ ነው። ታዲያ ዘንድሮ እነዚያው ፈረሰኞች ተሰብስበው «በግልሽ ተወዳደሪልን፣ ፓርላማ ግቢልን» አሏት። እሷም እሺ አለች። አያቷን ሳታማክር!

ሰኞ ምርጫው ሆነ። ማክሰኞ ኔትወርክ ጠፋ። ሐሙስ ከዳንግላ የመጣ ነጋዴ ተኩስ ሰማሁ ብሎ አወራ፤ ማን ተኮሰ ሲሉት አላውቅም፣ ጋሪ ላይ ወጥቼ መጣሁ አለ። ዓርብ ከሰዓት ደግሞ ሁለት የማይታወቁ ጎበዞች በሞተር ብስክሌት መጥተው፣ የእጩዋ የትዕግስት ቤት ይህ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። ይታይሽ በበሩ ስንጥቅ እያየቻቸው «ትዕግስት የምትባል አላውቅም፣ ቤት ተሳስታችኋል» ብላ መለሰቻቸው። በሩን በሙቀጫ ደግፋ ስትጸልይ አደረች።

ለዚህ ነው የተነሣችው። ምናልባት ታስራ ከሆነ ይበርዳታል ብላ ወፍራም ሹራብ ይዛለች። ሐኪም ቤት ከሆነች ብላ የአጥሚት ዱቄት ቋጥራለች። ለሦስተኛው ግን ምንም አልያዘችም። ለሦስተኛው የሚያዝ ነገር የለም።

«ይህ ጆንያ ግን» አለ አበረ በድንገት፣ «ጤፍ ነው አላሉኝም?»

«ነው።»

«የምን ጤፍ ነው ቀንድ ያበቀለው?»

ይታይሽ ዞር ብላ አየች። የጆንያው አፍ ተፈትቶ የኮርቻው የፊት እንጨት ብቅ ብሏል፤ የተወለወለ፣ እጅ የበላው፣ ጥቁር የወይራ እንጨት። ቶሎ ብላ በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነችው። ግን አበረ ጋሪውን አቁሞ ሙሉ በሙሉ ዞሮ ነበር።

«እማማ ይታይሽ። ይህ የእንደራሴዎቹ ኮርቻ አይደለም እንዴ?»

ይታይሽ የጆንያውን አፍ መልሳ ቋጠረች።

«ወዴት ነው የሚወስዱት?»

«ገበያ» አለች በመጨረሻ። «ለጫግኒ ነጋዴ እሸጠዋለሁ። ካልገዛኝም በነጻ እሰጠዋለሁ። ቆላ ወርዶ ይጥፋልኝ። እሳት ልለቅበት አስቤ እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ ባሌ ሀብቱ ስሙን ከሥሩ በቢላዋ ጽፎበታል። አንተ ዝም ብለህ ንዳ።»

አበረ አልነዳም። በዝግባ ሜዳ የምርጫ ክልል ያን ኮርቻ የማያውቅ ሰው የለም።

ይታይሽ ወደዚያ ቤት ሙሽራ ሆና የገባችው በ1949 ዓ.ም. ነው፤ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነበር። እሷ ከደጋ ዳሞት በበቅሎ የመጣች፣ አገውኛ አንድ ቃል የማትሰማ ልጅ ናት። በዚያው ዓመት «ለንጉሠ ነገሥቱ ምክር ቤት ሕዝቡ ራሱ ሰው ይምረጥ» የሚል አዋጅ ተነገረ። አገሩም አማቷን ቀኛዝማች ሽባባውን መረጠ። ቀኛዝማች ካባቸውን ደርበው፣ ያን ጊዜ አዲስ በነበረው ኮርቻ ላይ ተቀምጠው ከደጃፋቸው ሲወጡ ፈረሰኛው ሁሉ እስከ ዳንግላ አጀባቸው። ከዳንግላ ትሬንታ ኳትሮ የሚሉትን የጭነት መኪና ተሳፍረው ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ፈረሱ ዳንግላ ከዘመድ ቤት ቀረ፤ በክረምቱ ዕረፍት ሲመለሱ ከዚያ ተቀምጠው ወደ ቤታቸው እንዲመጡበት። ከዚያ ወዲህ ይኸው ደንብ ሆነ። የዝግባ ሜዳ እንደራሴ ከገዛ ደጃፉ በዚያ ኮርቻ ይወጣል፤ ፈረሱ ዳንግላ ይጠብቀዋል፤ በዚያው ኮርቻ ይመለሳል።

ቀኛዝማች ሁለት ጊዜ ተመርጠው ሰባት ዓመት ተመላለሱ። በስምንተኛው ዓመት አንድ ቀን ፈረሱ ባዶውን መጣ። ቀይ ዘርፉን ለብሶ፣ ኮርቻው ላይ የቀኛዝማች ካባ ተነጥፎ፣ ሰው እየሳበው። በአገሩ ልማድ ሰው ሲሞት ፈረሱ እንዲህ ነው ተሸልሞ፣ የሟች ልብስ ተጭኖበት ለቅሶ ሜዳ የሚዞረው። ሳንባቸውን ታመው አዲስ አበባ አርፈዋል ተባለ።

ቀጥሎ ባሏ ነው። ሀብቱ ሽባባው፣ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር። በደርግ ጊዜ ብሔራዊ ሸንጎ ሲቋቋም ለዚያ ተመረጠ። ይታይሽ አትሂድ ብላ እግሩ ላይ ወደቀች። «የሕዝብ አደራ ነው፣ አታሳፍሪኝ» አላት። አራት ዓመት እየሄደ እየመጣ ቆየ። በ1983 መንግሥት ሲገለባበጥ ከመንገድ ቀረ፤ የት እንደወደቀ ዛሬም አይታወቅም። ዘመዶቹ ዓመት ጠብቀው ተስፋ ሲቆርጡ ፈረሱን ሸለሙና፣ ዳንግላ ትቶት የሄደውን ጋቢ ጭነው ሰደዱት። ነጭ ጋቢ፣ ራሷ የፈተለችው። ከኮረብታው ሲወርድ ገና ከሩቅ ነው ያወቀችው።

ሦስተኛው ጎረቤታቸው መሳፍንት ነው። በ1987 ሲመረጥ ኮርቻውን ሊዋሰው መጣ። እምቢ ማለት ነውር ሆነባትና ሰጠችው። በሦስተኛው ዓመት የተሳፈረበት መኪና ዓባይ በረሃ ተገለበጠ። እሱም በኮቱ መጣ።

«ከሱ ወዲያ የተመረጡት ሁለቱስ?» አለ አበረ የምታስበውን እንደሰማ ሁሉ። «አንዳቸውም አልሞቱም። እንዲያውም ወፍረዋል።»

«ኮርቻው ላይ ስላልተቀመጡ ነዋ! ከየደጃቸው በመኪና ነው የሄዱት። እሱን ነው የምልህ እኮ። ልጄንም የሚያስቀምጧት እዚህ ላይ ነው። ካሸነፈች ሰኞ ማክሰኞ ሳይሉ ደጄ ይመጣሉ፣ ኮርቻውን አምጪ ይሉኛል። እንግዲያ አይኑራ! የሌለ ነገር አይጠየቅም።»

«ካሸነፈች ነው ያሉት?» አበረ ፈገግ አለ። «እርስዎስ መርጠዋታል?»

ይታይሽ ግራ እጇን ይበልጥ ወደ ሆዷ ወሸቀችው። ሰኞ ዕለት ከመጋረጃው ጀርባ ብቻዋን ስትቆም የልጅቱን ስም አልፋ ከሥር ያለው የማታውቀው ሰው ላይ እንዴት ምልክት እንዳደረገች የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። አንድ ድምፅ ብትጎድልባት ትወድቅልኛለች ብላ። ወድቃ በሕይወት ትኑርልኝ ብላ።

«ንዳ ብዬሃለሁ» አለች።

አበረ ፈረሱን መታ። ጋሪው እየተንገጫገጨ ከደኑ ወጣ። ከፊታቸው ሰፊው የግጦሽ ሜዳ ተዘረጋ፤ ከሜዳው ማዶ የዳንግላ መንገድ ከኮረብታው ወገብ ላይ ቀይ ሆኖ ይታያል። ጉሙ ገለጥ ብሎ ነበር።

መጀመሪያ የሰማችው ዜማ ነው። ብዙ ወንዶች በአገውኛ ያዜማሉ። ስድሳ አራት ዓመት የኖረችበት ቋንቋ ነው፤ ግን ነፋሱ ቃሉን እየቆራረጠ ይጥለዋል። ዘፈን ይሁን ሙሾ መለየት አቃታት።

«ምንድን ነው የሚሉት?» አለች።

አበረ ጆሮውን አቀና። ቀልዱ ከፊቱ ጠፋ። «እንጃ። አልሰማም።»

ከኮረብታው እጥፋት አንድ ፈረሰኛ ወጣ። ሁለተኛ ወጣ። ከዚያ ሌላ፣ ሌላ፤ ዐሥራ ሁለት ቆጠረች። በመካከላቸው አንድ ዳማ ፈረስ ይሳባል። ግንባሩና ደረቱ ላይ ቀይ ዘርፍ ተንጠልጥሏል።

የተቀመጠበት ሰው የለም። ጀርባው ላይ ነጭ ልብስ ተነጥፏል።

ይታይሽ አልጮኸችም። መጮህ ፈልጋ አፏን ከፍታ ነበር፤ አየር እንጂ ድምፅ አልወጣም። ጋሪው ገና እየሄደ ወረደችና ጭቃው ላይ ተቀመጠች። ነጭ። የምን ነጭ ነው? ጋቢ አይደለም፣ ከጋቢ ይሳሳል። ጋውኗ ነው። ለሥራ የምትለብሰው ነጭ ጋውን ነው፤ ከፈረስ እስከ ፍየል የምታክምበት፣ ኪሱ ሁልጊዜ መርፌ የሚይዝ። ባለፈው ፋሲካ ራሷ ይታይሽ ናት አጥባ በፀሐይ ያሰጣችው።

«እማማ! እማማ ይነሡ!»

«ተወኝ» አለች። «ሹራብ ነበር የያዝኩላት። ሹራብ!»

ጆንያውን ከጋሪው ላይ ጎትታ መሬት ጣለችው፤ በጡጫዋ ትደበድበው ጀመር። «አንተ ነህ! አራተኛ ፈለግህ? ሳትቀመጥብህ እንኳ? ሳትነካህ?» ከዚያ ድምፅዋ መጣላት። ሜዳው ላይ ያሉት ከብቶች አንገታቸውን እስኪያቀኑ ድረስ ጮኸች።

ፈረሰኞቹ ጩኸቱን ሲሰሙ ዜማቸውን አቋረጡ። የፊተኛው ፈረሱን ለቆ እየጋለበ መጣ። ይኸነው ነው፤ የአካባቢው ፈረሰኞች አለቃ፣ ሽበት የጀመረው፣ ትከሻው ሰፊ ሰው። ከፈረሱ ዘሎ ወርዶ አጠገቧ ተንበረከከ።

«እማማ ይታይሽ! ምን ሆኑብን? ማን ነው የሞተው?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ?»

«ታዲያ ማንን ልጠይቅ? እርስዎ እኮ ነዎት የሚያለቅሱት!»

ይታይሽ በጭቃ እጇ ወደ ዳማው ፈረስ አመለከተች። ይኸነው ዞሮ አየ። ከዚያ ወደ እሷ፣ ከዚያ እንደገና ወደ ፈረሱ። ፊቱ ቀስ እያለ ተለዋወጠ።

«ውይ፣ ውይ፣ ውይ! እኛ ምን ዓይነት እንስሶች ነን!» ራሱን በመዳፉ መታ። «እማማ፣ አልሞተችም! ደህና ናት! አሸንፋለች! ትናንት ማታ ውጤቱ ተለጠፈ። ወደ ደጅዎ ነው የምንመጣው፤ ኮርቻውን ሊሰጡን። ፈረሱ ባዶውን የመጣው ኮርቻዎ እንዲያርፍበት ነው። ኮርቻው ሲጫን ጀርባውን እንዳይፍቀው ብላ ራሷ ናት አንሶላ ያነጠፈችለት። ሐኪም አይደለች?»

ዳማው ፈረስ እየተሳበ ቀረበ። ይታይሽ ተነሥታ እየተንገዳገደች ሄደችና ጨርቁን በሁለት እጇ ያዘች። አንሶላ ነበር። ጥግ ላይ ሰማያዊ አበባ የተጠለፈበት፣ እሷው ለልጅቱ የሰጠቻት አንሶላ። ኪስ የለውም። ደም የለውም። አፍንጫዋ ላይ አድርጋ አሸተተችው። የፈረስ ላብና የሣር ሽታ ብቻ ነው።

«ሐሙስ ተኩስ ነበር ተባለ» አለች፣ ገና አላመነችም።

«የኛው ሞኝ ነው፤ የጣቢያውን ውጤት አይቶ ደስታውን መቻል አቅቶት ወደ ሰማይ ተኮሰ። እሷ ራሷ ተቆጣችው፣ ያረገዘች ባዝራ አስደነበርክ ብላ።» ሰዎቹ ሳቁ። «ደግሞ ትናንት ሁለት ልጆች በሞተር ልካልዎት ነበር እኮ፤ ኔትወርክ የለም፣ አያቴ ትጨነቃለች ብላ። እርስዎ ግን ‹ትዕግስት የምትባል አላውቅም› ብለው መለሷቸው።»

ሳቁ ከፍ አለ። አበረ ከሁሉም በላይ ሳቀ። ይታይሽ አልሳቀችም።

«በዝግባ ሜዳ ጣቢያ» አለ ይኸነው፣ ጢሙን እያሻሸ፣ «ሰባት ሰው ብቻ ነው ለሌላ የሰጠ። እነዚያን ሰባት ባወቅኋቸው!»

ይታይሽ እጇን ከአንሶላው ሥር አደረገች።

አንደኛው ፈረሰኛ ጭቃ ላይ የወደቀውን ጆንያ አየ። አንሥቶ ከፈተው። እልልታ የሚመስል የወንድ ጩኸት ሜዳውን ሞላው።

«ራሳቸው ይዘውት እየመጡ!» አለ ይኸነው። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እኛ ስንለምን ልንውል ነበር። አይሰጡንም እያልን ነበር የምናዜመው፤ ዜማው ራሱ ልመና ነው። እርስዎ ግን ለልጅዎ ሊያስረክቡ በዚህ ጭቃ! እግዚአብሔር ይስጥልን።»

ይታይሽ አበረን አየችው። አበረም አያት። የጫግኒውን ነጋዴ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «አዎ» አለ፣ «ሌሊት ነው የቀሰቀሱኝ። ፍጠን፣ ፍጠን ሲሉኝ ነው የመጡት።»

ይታይሽ የይኸነውን እጅጌ ይዛ ከሰዎቹ ፈቀቅ አደረገችው። «ስማኝ ልጄ። ይህ ኮርቻ ሦስት ሰው በልቷል። ትዕግስት ለምን በመኪና አትሄድም? ያለፉት ሁለቱ ሄደው የለ? ይኸው በሕይወት አሉ።»

«አሉ» አለ ይኸነው። «ቀኛዝማች ሞተው በካባቸው ተመለሱልን፤ ባልዎ በጋቢው፤ መሳፍንት በኮቱ። አለቀስንላቸው፣ የኛ ነበሩ። እነዚያ በመኪና የሄዱት ሁለቱ ግን፣ እማማ፣ አንድ ቀን እንኳ ተመልሰው አይተዋቸዋል? የወንዛችን ድልድይ ከወደቀ ስድስት ዓመት ሆነው። ፈረስ ዳንግላ የሚጠብቀው ሰው መመለስ እንዳለበት አይረሳም ብለን ነው እንጂ፣ የእንጨት ፍቅር ይዞን አይደለም።»

 ግን ፍርሃት በመልስ አይበርድም። ሰውየው አንዴ ወደ ሰዎቹ፣ አንዴ ወደ ደኑ ማየቱን አስተዋለች። የሚፈራ ሰው ዓይን ታውቃለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ያየችው በመስታወት ነው።

«ያልነገርከኝ ነገር አለ።»

ይኸነው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ኔትወርክ ሳይጠፋ፣ ሰኞ ዕለት ማታ ነው፣ በማይታወቅ ቁጥር ተደወለላት። ‹ብታሸንፊም አትገቢም› ብሎ ዘጋው። ማን እንደሆነ አናውቅም። ለአያቴ አትንገሯት ብላን ነበር። ለዚህ ነው ከዳንግላ ቤቷ ደጃፍ እስከ መኪናው መንገድ በአርባ ፈረስ የምናጅባት። ማክሰኞ ወደ አዲስ አበባ ትሄዳለች። እኛ ከጎኗ አንለይም።»

እንግዲህ ፍርሃቷ እውነት ኖሯል። የሚገርመው፣ እውነት መሆኑን ስትሰማ ቀለል አላት። ለዓመታት ከየግንዱ ጀርባ ስትፈልገው የኖረችው ሰው ይኸው መኖሩ ተነገራት። አሁን ቢያንስ ወዴት እንደምትቆም ታውቃለች።

ወደ ዳማው ፈረስ ተመለሰች። ሰዎቹ ኮርቻውን አንሶላው ላይ አሳርፈው ነበር። የሆድ ማሰሪያውን ጠፍር ሳበችው። «ላልቷል» አለች። አጠበቁት። እንደገና ሳበችው። «አሁንም ላልቷል። ልጄን የምታወጧት በዚህ ነው?» ሦስተኛ ጊዜ ራሷ በጉልበቷ ተደግፋ አጠበቀችው፤ ፈረሱ አቃሰተ።

«በቃ» አለ ይኸነው፣ «እርስዎ ጋሪው ላይ ይውጡ፤ ፈረሱን እየሳብን እንሂድ።»

«ባዶውን?»

«አዎ።»

«ዳንግላ ከተማ ውስጥ፣ በቅዳሜ ገበያ፣ ይህ ኮርቻ ባዶውን ሊገባ? ልጄ በመስኮት እያየችው?» አንገቷን ነቀነቀች። «ሦስት ጊዜ ባዶውን አይቼዋለሁ። አራተኛ አላይም።»

የጋሪው ጠርዝ ላይ ወጣች። ቀሚሷን ሰበሰበች።

«እማማ! ምን ሊያደርጉ ነው?» አለ አበረ። «ሰባ ስምንት ዓመትዎ ነው!»

«እርካቡን ያዝልኝ፣ አታውራ።»

ሁለት ሰው ደግፏት፣ አንዱ እግሯን አሻግሮላት፣ ሙሽራ ሆና በበቅሎ ከመጣች ወዲህ ያልተቀመጠችበት ከፍታ ላይ ወጣች። መሬቱ ራቀ።  ጎንበስ ብላ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ ኮርቻውን አናገረችው፤ «ከራብህ እኔን ብላ። አርጅቻለሁ፣ ይበቃኛል። እሷን ግን መልስ።»

ይኸነው ልጓሙን ይዞ ፊት ሆነ። ፈረሰኞቹ ዜማቸውን ጀመሩ፤ አሁን ቃሉ ሁሉ ይሰማታል። ፈረሱ አንድ እርምጃ ሲራመድ ወደ ጎን ያዘነበለች መሰላት፤ የኮርቻውን የፊት እንጨት በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች። ቀለም ያለበት ጣቷ ለሁሉም ፊት ለፊት ይታያል። መደበቁን ረስታዋለች።

ጥቂት ከሄዱ በኋላ ዞራ ሳትመለከት ጮኸች፤ መዞር ትፈራለች።

«አበረ! ሹራቡን እንዳትረሳው! አዲስ አበባ በክረምት ይበርዳል ይላሉ!»